ለምጣዱ ሰዓት አስልተሽ ሥሪው

ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀዪ። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፣ ያ ሽቦ ፌዙ ይሁን ኒውትራሉ ደግሞ ስፒናው በተገለበጠ ቁጥር ይቀያየራል። ነቀልሽ? ጥሩ። አሁን ወንበርሽን ትንሽ ወደ መስኮቱ ሳብ አድርጊልኝና ያየሁትን ልንገርሽ።

ለሞዴል ባቡርሽ የሠራሽው መቆጣጠሪያ ሳጥን ብየዳው ንጹሕ ነው። የአራቱ ዳዮዶች አቅጣጫ ልክ ነው፣ ሽቦዎቹንም በቀለም ለይተሻል። ቀን ቀን ባቡሩ ያለ እንከን ይዞራል። ማታ ግን ያጉረመርማል፣ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ይንገዳገዳል፣ አንዳንዴም ቀጥ ይላል። አንቺ ጥፋቱን ሞተሩ ላይ ጥለሽ ልትፈቺው ተዘጋጅተሻል። አትፍቺው፣ ሞተሩ ደህና ነው። ንድፉ ነው ለሌላ አገር መብራት የተሳለው። ንድፉን የወሰድሽበት መጽሐፍ 220 ቮልት ብሎ ሲጀምር ጠዋትም ማታም 220 እንደሚገኝ አምኖ ነው። እኛ ያለነው ኮተቤ ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃና ምጣድ ሲሰካ፣ አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ሲስብ፣ ከመስመሩ ጫፍ ላለ ቤት የሚደርሰው ቮልቴጅ ምን ያህል እንደሚወርድ የሳሎኑ አምፖል ራሱ ይነግርሻል። ስለዚህ ሁሉንም ቁጥር ለምጣዱ ሰዓት አስልተሽ ሥሪ። ከዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ለሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ደግመሽ አስዪ። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ ራሱን ይችላል።

አክስታችን ከባቡሩ ጋር ከአሜሪካ የላከችውን መቆጣጠሪያ ሳጥን ለምን እንደከለከልኩሽም ላስረዳሽ። ሳጥኑ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። በቀጥታ 220 ላይ ብትሰኪው ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። ወደ 110 በሚቀንስ ትራንስፎርመር በኩል ብትሰኪው ይሠራል፤ ግን የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የትራንስፎርመሩ ብረት ከታሰበለት አንድ አሥረኛ ያህል የሚበልጥ መግነጢስ ይሸከማል፣ ይግላል። ትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚዞር ባቡር አላምነውም። የራስሽን መሥራትሽ ትክክል ነው።

ሞዴልሽ ከአያት ተነስቶ በሲኤምሲና በጉርድ ሾላ አድርጎ መገናኛ የሚገባው አረንጓዴ ባቡር ስለሆነ እሱኑ እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ 750 ቮልት ዲሲ ይወስዳል፤ ጅረቱ በሐዲዱ በኩል ይመለሳል። የአንቺው ከላይ ሽቦ ስለሌለው አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ ሆኖ ይሠራል። 750 ተብሎ ይጠራ እንጂ፣ ሁልጊዜ 750 አገኛለሁ ብሎ ባቡር የሚሠራ መሐንዲስ የለም። በአውሮፓ መስፈርት የ750 ቮልት መስመር ባቡር ከ500 እስከ 900 ቮልት ባለው መካከል መሥራት ይጠበቅበታል። ባቡሩ ከኃይል ማከፋፈያው ሲርቅ ወይም ሁለት ባቡሮች አንድ ላይ ሲነሱ ቮልቴጁ ይወርዳል። ሞተሮቹ ፍሬን ሲይዙ ጄኔሬተር ሆነው መልሰው ሲገፉት ደግሞ ይወጣል። አምስት ኪሎ የባቡር ምሕንድስና መማር እንደምትፈልጊ ነግረሽኛል፤ እንግዲህ ትምህርቱን ዛሬ ከዚህ ጠረጴዛ ጀምሪው።

ወረቀትሽን አምጪ። ትራንስፎርመርሽ 220 ገብቶለት 15 ቮልት 2 አምፒር የሚያወጣ ነው። 15 ቮልት ኤሲ ጫፉ 21 ይደርሳል፣ በ1.41 ስለሚባዛ። በብሪጁ ውስጥ ሁለት ዳዮዶች 1.4 ቮልት ይወስዳሉ፤ ካፓሲተሩ ላይ 20 ቮልት ገደማ ይቀራል። ኤልኤም 317 ሬጉሌተር ደግሞ ከሚያወጣው በላይ ወደ 2.5 ቮልት ትርፍ ይፈልጋል። 12 ለማውጣት 14.5 ይበቃዋል፣ አንቺ 20 አለሽ፤ ቀን ቀን ሰላም ነው። አሁን መብራቱ 180 ሆነ ብለሽ ድገሚው። 15ቱ ወደ 12.3 ይወርዳል፣ ጫፉ 17.4 ይሆናል፣ ከዳዮዶቹ በኋላ 16 ይቀርሻል። አሁንም ከ14.5 በላይ ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ፤ 16 የሚሆነው ጫፉ ላይ ብቻ ነው።

ካፓሲተሩ የሚሠራው እንደ ግቢያችን ሮቶ ነው፤ ውሃ በመጣ ሰዓት ይሞላል፣ በማይመጣበት ሰዓት ቤቱ ከእሱ ይቀዳል። በ50 ኸርዝ መብራት ሙላቱ የሚመጣው በየ10 ሚሊሰከንዱ ነው። በመካከሉ ባቡሩ ከካፓሲተሩ ይስባል፣ ቮልቴጁም እየወረደ ይሄዳል። አሁን የገጠምሽው 2200 ማይክሮፋራድ ነው። ለጥንቃቄ ከፍ አድርገን፣ ባቡሩ ዳገት ሲወጣ ከነመብራቶቹ 1 አምፒር ይስባል እንበል፤ በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ 4.5 ቮልት ይወርዳል። ከ16 ላይ 4.5 ሲቀነስ 11.5 ነው፤ ሬጉሌተሩ የራሱን 2.5 ሲወስድ ለባቡሩ የሚተርፈው 9 ብቻ ነው። ከ9 ወደ 12፣ ከ12 ወደ 9 በሰከንድ 100 ጊዜ ይዋዥቃል። ማታ ማታ የምትሰሚው ማጉረምረም እሱ ነው።

2200ውን አንሺና ሁለት ባለ 4700 ጎን ለጎን፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ግጠሚ። መውረዱ ወደ 1 ቮልት ገደማ ይቀንሳል፤ 16 የነበረው ከ14.9 በታች አይሄድም፣ ሬጉሌተሩም በ12 ላይ ሳይነቃነቅ ይቆማል። በዚህ ሥራ ውስጥ በትንሽ ብር የሚገኘው ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትተዪ እንኳ ይህን አትተዪ። ይበልጥ ይሻላል ብለሽ ግን አምስትና ስድስት እንዳትደረድሪ፤ ባዶ ካፓሲተር በተሰካበት ቅጽበት የሚስበው ጅረት ከባድ ነው፣ የሚሸከሙት ደግሞ ዳዮዶቹ ናቸው። ለሁለቱም ቢሆን ያሉትን ባለ 1 አምፒር ዳዮዶች በባለ 3 አምፒሩ 1ኤን5408 ቀይሪያቸው።

የካፓሲተሩን የቮልት ልክም እዪ። ያንቺው 25 ይላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰፈሩ ገና ምንም ሳይሰካ መስመሩ 240፣ 245 ሊል ይችላል። ትራንስፎርመርም ሸክም በሌለበት ሰዓት ከተጻፈበት አሥር በመቶ ያህል አልፎ ያወጣል። ሁለቱን አንድ ላይ አስዪያቸው፤ ካፓሲተሩ ላይ 24.5 ገደማ ይመጣል። 25 የተጻፈበት ካፓሲተር ገደል አፋፍ ላይ ነው ያለው። 50 ቮልት ግዢ፣ ካጣሽ 35። ከአሮጌ ቴሌቪዥን የተነቀለ ከሆነ አናቱን በጣትሽ ዳስሺው፤ ያበጠ ከሆነ ወይም ከሥሩ ፈሳሽ ከታየ በነጻ ቢሰጡሽም ተዪው። በመብራቱ በኩል ደግሞ 250 ሚሊአምፒር ቀስ ብሎ የሚቆርጥ ፊውዝ ይግባ፤ ከፊውዙ በኋላ፣ በሁለቱ የመብራት ሽቦዎች መካከል፣ 275 ቮልት የተጻፈበት ቫሪስተር በይጂ። መብራት ሲመለስ የሚወረወረውን የቅጽበት ቮልቴጅ የሚቀበለው እሱ ነው።

አሁን ሬጉሌተሩን እንየው። ገና ትኩስ ነው፣ አትንኪው። ብዙ ሰው ባቡሩ ሲፈጥን ሬጉሌተሩ ይበልጥ የሚግል ይመስለዋል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሬጉሌተሩ የማይፈለገውን ቮልቴጅ ወደ ሙቀት ቀይሮ ይጥለዋል። ባቡሩ በ12 ቮልትና በግማሽ አምፒር ሲበር፣ ከገባው 19 ላይ የሚጣለው 7 ቮልት ነው፤ 3.5 ዋት ሙቀት። ባቡሩ ጣቢያ ሲገባ በ4 ቮልት ቀስ ብሎ ሲሳብ ግን 15 ቮልት ይጣላል፤ በዚያው ግማሽ አምፒር 7.5 ዋት። የአንቺ ባቡር ጉርድ ሾላ ላይ ይቆማል፣ ሲኤምሲ ላይ ይቆማል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀስታ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የማቀዝቀዣውን አሉሚኒየም ለቀስታው ጉዞ ምረጪ።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ከመጽሐፉ አታገኚውም። ማቀዝቀዣ የሚሠራው አየር እየነካው ሲያልፍ ነው፤ በመጽሐፍ የምታዪው ቁጥር ደግሞ ለቆላ አየር የተለካ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየራችን ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ሯጮቻችን እንጦጦ ላይ የሚለማመዱት፣ 3,200 ሜትር አካባቢ፣ አየሩ ከዚህም ይበልጥ ስስ ስለሆነ ነው። ለእነሱ ሳንባ የሚበጀው ስስ አየር ለሬጉሌተርሽ አይበጅም፤ ሙቀቱን የሚወስድለት አየር ያንሰዋል። መጽሐፉ ካለው አንድ ተኩል ጊዜ የሚሰፋ አሉሚኒየም ያዢ፣ ክንፎቹ ወደ ላይ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ከሳጥኑም ውጭ ይሁኑ። ሳጥን ውስጥ የተዘጋ ማቀዝቀዣ የራሱን ሙቀት መልሶ ይተነፍሳል። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ አሉሚኒየም ለዚህ በጣም ጥሩ ነው። የኤልኤም 317 የጀርባ ብረት ከመውጫው እግር ጋር የተገናኘ መሆኑንም አትርሺ፤ በመካከሉ ማይካ ወይም የሲሊኮን ወረቀት፣ በቡሎኑ ላይም የፕላስቲክ ቀለበት ካላደረግሽ አሉሚኒየሙ ራሱ ቮልቴጅ ይዞ ይቆማል።

ቆይ፣ ይሄ ሁለተኛው ትራንስፎርመር ከየት መጣ? ከቁራሌው? አሮጌ ስታብላይዘር ፈትተሽ ያወጣሽው ነው? ይህን አስቀምጪውና ወደ እኔ እዪ፣ ከነገርኩሽ ሁሉ የምፈራው ይህን ነው። ስታብላይዘር ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አውቶትራንስፎርመር ነው። መግቢያውና መውጫው አንድ ጥቅል ሽቦ ይጋራሉ። መውጫው ላይ 15 ቮልት ብታነቢ እንኳ አንዱ ጫፍ በቀጥታ ከፌዝ ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ ያኔ ሐዲዱ ራሱ 220 ነው። ሕፃናት ጣታቸውን የሚያሳርፉበት ሐዲድ። ትራንስፎርመር የሚጠቅመን ቮልቴጅ ስለሚቀንስልን ብቻ አይደለም፤ ዋናው ሥራው ባቡሩን ከመብራቱ መለየት ነው። ከምን አለሽ ተራም ግዢ፣ ከቁራሌም ውሰጂ፣ ከመሰካትሽ በፊት ግን መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገሽ በመግቢያውና በመውጫው መካከል ለኪ። ምንም ማለፍ የለበትም። ከመግቢያም ከመውጫም ወደ ብረቱ እንዲሁ ለኪ። ትንሽ እንኳ ካነበበ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በካፓሲተር ብቻ ቮልቴጅ የሚቀንስ፣ ትራንስፎርመር የሌለው ንድፍ ካየሽም ገጹን ገልብጪው፤ እሱም ከመብራቱ የተለየ አይደለም።

ከመብራቱ መለየት ካልን አይቀር፣ የስልክ ቻርጀርሽን ጀርባ እስቲ አንብቢ። አንዳንድ የቻይና ቻርጀሮች ላይ የተራራ ምልክትና 2000 ሜትር የሚል ጽሑፍ አለ። ዕቃው ከ2,000 ሜትር በታች ላለ ቦታ ታስቦ የተሠራ ነው ማለት ነው። ስስ አየር ሙቀት መውሰድ ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪክ መከልከልም ይቀንስበታል፤ ዓለም አቀፉ መስፈርት በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ክፍተቱ በ14 በመቶ እንዲሰፋ ያዛል። እኛ በመካከል ነን። ስለዚህ በሳጥንሽ ውስጥ የመብራቱ ሽቦ በሙሉ በአንድ ጎን፣ የባቡሩ ሽቦ በሌላ ጎን ይሁን፤ በመካከላቸው ከ1 ሳንቲሜትር ያላነሰ ክፍተት፣ ወይም የፕላስቲክ ግድግዳ ይኑር። ሳጥኑም ፕላስቲክ ይሁን። ብረት ከሆነ ግን የግድ ከምድር ሽቦው ጋር ይታሰር። የመብራቱ ገመድ ሲጎተት ብየዳው ላይ እንዳይደርስ ከውስጥ በማሰሪያ ያዢው።

ወደ ሬጉሌተሩ ልመለስ። የፍጥነት መቆጣጠሪያሽ በ5 ኪሎኦም ቮልዩም ስለተሠራ ግማሹን ሳትዞሪ ባቡሩ ይበራል፣ ከዚያ በላይ ብታዞሪው ምንም አይጨምርም። በመውጫውና በማስተካከያው እግር መካከል 120 ኦም አድርጊ፣ ቮልዩሙን በ1 ኪሎኦም ቀይሪ። ከ1.25 እስከ 11.7 ቮልት ይሰጥሻል፤ ቮልዩሙ ከዳር እስከ ዳር ይሠራል፣ ፍጥነቱም በጣትሽ ሥር ቀስ ብሎ ይሄዳል። 120ው ሌላም ጥቅም አለው፤ ኤልኤም 317 በትክክል ለመሥራት የሚፈልገውን 10 ሚሊአምፒር ያሳልፋል፣ ስለዚህ ባቡሩ ከሐዲድ ሲነሳ ቮልቴጁ ወደ ላይ አይንሳፈፍም። ይህን ሬዚስተር በሬጉሌተሩ እግር ሥር አስጠግተሽ በይጂው፤ ሽቦ አስረዝመሽ ጫፉ ላይ ካደረግሽው በሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ በስሌቱ ውስጥ ይገባል። ከማስተካከያው እግር ወደ ኔጋቲቭ 10 ማይክሮፋራድ ካስገባሽ የተረፈው ሞገድ ይበልጥ ይጠራል። ከመግቢያው እግር አጠገብ ደግሞ 0.1 ማይክሮፋራድ፣ ከመውጫው አጠገብ 1 ማይክሮፋራድ ይኑር። ከመውጫ ወደ መግቢያ፣ ከማስተካከያው እግርም ወደ መውጫ፣ ሁለት 1ኤን4007 ጨምሪ፤ ካፓሲተሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲለቁ ሬጉሌተሩን ይጠብቁታል።

ዝቅተኛው 1.25 ቮልት ስለሆነ ባቡሩ ቆሞ እንኳ በቀስታ ሊያንጎራጉር ይችላል። ከመውጫው በኋላ ሁለት 1ኤን5408 ተከታትለው ይግቡ፤ 1.4 ቮልት ይወስዱና ቮልዩሙ ሲዘጋ ሐዲዱ ላይ የሚቀረው ዜሮ ይሆናል። ከላይ የምታጪው ያንኑ 1.4 ነው። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ከ10 ቮልት በላይ የሚሮጥ ባቡር ኩርባው ላይ ይወድቃል፣ አትቆጪበት።

መውደቁ ደግሞ አይቀርም። ባቡር ሲወድቅ መንኮራኩሩ ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛል። ሬጉሌተሩ ራሱን መከላከል ያውቃል፣ ግን በጋለ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። 12 ቮልት 10 ዋት የመኪና ወይም የሞተር አምፖል ግዢ፤ ሶማሌ ተራ ድረስ መሄድ አያስፈልግሽም፣ መገናኛ አካባቢ ያለ መለዋወጫ ሻጭ ይኖረዋል። ከሬጉሌተሩ በኋላ፣ ወደ ሐዲዱ በሚሄደው ሽቦ ላይ በተከታታይ አስገቢው። ባቡሩ በደህና ሲሄድ የአምፖሉ ክር ብዙም ስለማይግል መከልከሉ ያንሳል። ሐዲዱ ሲገናኝ ክሩ ይግላል፣ ይበራል፣ ጅረቱንም ከ0.8 አምፒር በላይ አያሳልፍም። ከኤግዚቢሽኑ ጫፍ ቆመሽ እንኳ ብርሃኑን አይተሽ ባቡሩ መውደቁን ታውቂያለሽ። ፊውዝ ብታደርጊ በየወደቀበት ትቀይሪ ነበር። የባቡሩን አቅጣጫ የሚያዞረውን ባለ ስድስት እግር ማብሪያ ከአምፖሉ በኋላ አድርጊው፤ መሃሉ ላይ የሚቆም ዓይነት ይሁን፣ ባቡሩን ሳታቆሚም አቅጣጫ አትቀይሪ።

አሁን መብራት ጠፍቶ ስለሚመለስበት ቅጽበት። ኤግዚቢሽኑ ላይ መብራት ሄደ እንበል። ሁሉም ወደ ሌላ ጠረጴዛ ዞረ፣ አንቺም ዞርሽ፣ ቮልዩሙ እንደተከፈተ ቀርቷል። መብራቱ ሲመጣ ባቡሩ በሙሉ ፍጥነት ተነስቶ ከጠረጴዛው ይወርዳል። ይህን የሚከላከለው አንድ ባለ 12 ቮልት ሪሌይ ነው። ከትልቁ ካፓሲተር ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄደውን ሽቦ በሪሌዩ ክፍት እግር በኩል አሳልፊው። የሪሌዩን ጥቅል የሚመግበው 7812 ሬጉሌተርም ከሪሌዩ በኋላ ይነሳ። ከሪሌዩ እግር ጎን ለጎን የሚጫን ቁልፍ አድርጊ። ቁልፉን ስትጫኚ ሪሌዩ ይነሳና ራሱን ይይዛል። መብራት ሲሄድ ካፓሲተሩ ይደርቃል፣ ሪሌዩ ይለቃል፤ መብራት ቢመለስም ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫን ድረስ ምንም አይነሳም። በጥቅሉ ላይ በተቃራኒ አንድ ዳዮድ እንዳትረሺ። በትልቁ ካፓሲተር ላይም 2.2 ኪሎኦም ግማሽ ዋት ሬዚስተር አስቀምጪ፤ ከነቀልሽው በኋላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ባዶ ያደርገዋል፣ ሳጥኑን ስትከፍቺ አይነዝርሽም፣ ብየዳ ላይ ሳለሽም ብልጭ አይልም። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ውስጥ ያሉ ብዙ ማሽኖች ከመብራት መቋረጥ በኋላ በራሳቸው እንዳይነሱ የሚደረጉት በዚሁ መንገድ ነው፤ በኛ ሰፈር ደግሞ ከማንም በላይ ያስፈልጋል።

ሐዲዱን በፍጥነት እንለፈው። የአረንጓዴው ባቡርና የአዲሱ የጅቡቲ መስመር ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ነው፤ ለ87 ሲካፈል ያለሽ 16.5 ሚሊሜትር ልክ ይመጣል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የድሮው ባቡር ግን የሚሄደው በ1 ሜትር ሐዲድ ነበር፤ እሱን መሥራት ካማረሽ 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ሌላ ጊዜ እንፈልጋለን። እንጦጦን ከጀርባ መሥራትሽ ያምራል፣ ግን በልኩ ልሥራ ካልሽ ከመገናኛ እስከ አናቱ ያለው 800 ሜትር ያህል ከፍታ በ1 ለ 87 ከ9 ሜትር ይበልጣል። ተራራውን በቀለምና በባሕር ዛፍ አሳዪው፤ ሐዲዱ ግን በየ1 ሜትሩ ከ3 ሳንቲሜትር በላይ እንዳይወጣ። ከሳጥኑ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ የዘረጋሽው የስልክ ሽቦ 4 ሜትር ነው፤ ሄዶ ሲመለስ 8፣ በ1 አምፒር 0.7 ቮልት ይበላል። በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር የቤት መስመር ሽቦ ብትቀይሪው ከ0.1 በታች ይሆናል። በተለይ ዳገቱ ላይና በማዶው ጫፍ ለየብቻ ሽቦ አድርሺለት፤ የሐዲድ መገጣጠሚያን አትመኚ፣ በጊዜ ብዛት ዝገት ይይዘዋል። እውነተኛው ባቡርም በመስመሩ ርዝመት ሁሉ ከተለያየ ማከፋፈያ ነው የሚመገበው።

ሠርተሽ ስትጨርሺ በቀን አትፈትሺው። ምጣድ እስኪሰካ ጠብቂ። መጀመሪያ የሶኬቱን ቮልቴጅ ለኪና ጻፊ። ከዚያ ሌላ 10 ዋት አምፖል ከሬጉሌተሩ መውጫ ላይ፣ ከመከላከያው አምፖል በፊት አገናኚ፤ ቮልዩሙን እስከ ጥግ ክፈቺው፣ ዲሲውን ለኪ። ከዚያ መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርጊ፣ በአንዱ ገመድ ላይ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገቢ፤ ርካሽ መልቲሜትር ዲሲው ተቀላቅሎበት የውሸት ቁጥር ይሰጣል። ለዜሮ የቀረበ ካነበብሽ ተሳክቷል። ወደ ግማሽ ቮልት ከሄደ ሬጉሌተሩ ትርፍ አጥቷል ማለት ነው፤ ወደ ካፓሲተሩና ወደ ትራንስፎርመሩ ተመለሺ። ከዚያ አምፖሉን አንሺና ባቡሩን በቀስታ አንድ ሰዓት አስኪጂው፣ ንቀዪና አሉሚኒየሙን በጣትሽ ያዢ። አምስት ሰከንድ መያዝ ካልቻልሽ ማቀዝቀዣው ይጨመር። ይህን ሁሉ ስትሠሪ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይኑር፤ እኔ ከሌለሁ እማዬን ጥሪያት።

ከጦር ኃይሎች የሚመለሰውን ሁለተኛውን ባቡር በጎን ሐዲድ ላይ ልጨምር ብለሻል። ጨምሪው፤ ከዚሁ ከ15 ቮልቱ ትራንስፎርመር ሁለት ሬጉሌተር እንዳትመግቢ ብቻ። አንዱ ባቡር ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ሐዲዶቹም አንድ የጋራ ሽቦ ከነካካቸው፣ በማዞሪያ ማብሪያዎቹ በኩል የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል። ለእያንዳንዱ ሐዲድ የራሱ ትራንስፎርመር፣ የራሱ ብሪጅ፣ የራሱ ካፓሲተር፣ የራሱ አምፖል። ሪሌዩ ላይ ያለውን መነሻ ቁልፍ ግን ለሁለቱም አንድ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለት ለየብቻቸው የቆሙ እግሮች ያሉት ቁልፍ እንፈልጋለን። ቅዳሜ ወደ መርካቶ ስወርድ ትራንስፎርመሩን አብረን እንመርጠዋለን፤ መልቲሜትሩን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፣ ሳንለካ አንከፍልም።